አማካሪዬ በቀይ ያሰመረበት ቃል፦ ሊሚት ወይስ ሊሚቴሽን?

በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው። ምላሾቹ ሃያ ሰባት ከደረሱ በኋላ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ የተመለሰውን መልሰው ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እኔው ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው። የተቆጣ ሰው ካለም መቆጣቱን አልደብቅም።

የመነሻው ጽሑፍ እንዲህ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ የጥናቱ ወሰን እና የጥናቱ ውስንነት የሚሉ ሁለት ንዑስ ርእሶች አሉ። ሁለተኛውን «ሊሚት ኦፍ ዘ ስተዲ» አልኩትና ከሥሩ የጊዜና የገንዘብ እጥረት እንዳጋጠመኝ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሊሚት በሚለው ቃል ሥር በቀይ ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ ሌላ ምንም ሳይጽፍ መለሰልኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ሊሚት ማለት ወሰን፣ ገደብ ይላል። ሊሚቴሽን የሚለውን ፈለግኩ፤ ገደብ፣ ወሰን ይላል። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ብዬ ጠየቅኩ።

በዚህ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አንድ መላ ምት ጨመርኩበት፦ ሊሚት ሰው ከውጭ የሚያሰምረው መሥመር ነው፣ ሊሚቴሽን ደግሞ ነገሩ በራሱ ውስጥ የተሸከመው ጉድለት ነው፤ ስለዚህ «ማን አሰመረው?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱን ለመለየት ይበቃል አልኩ። ክሩን ያስረዘመው ጥያቄው ሳይሆን ይህ መላ ምት ነው።

ምላሽ 1 ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ጸሐፊው የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ተጽፎ ሲያይ ዓይኑን እንደሚያመው ነገረን። በምላሽ 2 የመድረኩ አስተባባሪ ሁሉም ነገር በፊደል እንዲጻፍ ደንብ መኖሩን አስታውሶ፣ ዓይን ለሚያመው ሰው የሚሰጠው መድኃኒት እንደሌለው አከለ። ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ማስፈራሪያ መምጣቱ አይከፋም፤ ቢያንስ ሰው ተጠንቅቆ ይጽፋል ብዬ አስቤ ነበር።

ምላሽ 3 የመጣው እንግሊዝኛ ለብዙ ዓመት ካስተማሩ እናት ነው። በትሕትና ጀመሩ፤ መላ ምቴ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ግን ቃልን በትርጉሙ ብቻ ሳይሆን አብሮት በሚሄደው ግስ መያዝ እንደሚሻል መከሩኝ። ሊሚት ይደነገጋል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል፣ ይደረስበታል፣ ይታለፋል። ሊሚቴሽን ግን አይታለፍም፤ ይኖርብሃል፣ ታምነዋለህ፣ ብትችል ታሸንፈዋለህ። አንድ ሰው ሊሚቱን አለፈ ሲባል ጥፋት ሠራ ማለት ነው፤ ሊሚቴሽኑን አወቀ ሲባል ግን ምስጋና ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሁለቱ ቃላት ተምታተውብኝ አያውቁም፤ ጥያቄዬ እዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ደስተኛ ሰው ነበርኩ።

ምላሽ 4 ግን መጣ። ጸሐፊው የሌሎችን የማሟያ ጥናት ሲገመግም የኖረ መሆን አለበት፤ ትዕግሥቱ አልቋል። በእሱ አስተያየት የእኔ ችግር ቃሉ ሳይሆን ሐሳቡ ነው። ጊዜና ገንዘብ አጠረኝ የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሮ ማንም ልብ ብሎ የማያነበው ሆኗል። የጥናት ውስንነት ማለት አጥኚው ምን ቸገረው ማለት ሳይሆን፣ አንባቢው ከዚህ ጥናት ምን መደምደም አይችልም ማለት ነው። የጠየቅሃቸው ሰዎች ጥቂት ከሆኑ፣ ወይም ሁሉም ከአንድ ክፍለ ከተማ ከሆኑ፣ ወይም መጠይቁ ሰው ስለራሱ በሚናገረው ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ እሱን ተናገር እንጂ ስለ ኪስህ አትተርክ አለኝ። መጨረሻ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ከማን እንደ ገለበጥኩት ጠየቀኝ።

በምላሽ 5 መለስኩለት። ቃላቴ ጨዋ አልነበሩም፤ አልደግማቸውም። እውነቱን ለመናገር ግን ከእኔ በፊት ከተመረቀ ጓደኛዬ ነው የገለበጥኩት፣ እሱም ከሌላ።

ከዚያ አየሩን የቀየረችው ዋሺንግተን አካባቢ የምትኖር እህታችን ናት፣ በምላሽ 6። ለበዓል ወደ አገር ቤት ልትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ ላይ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ለመጠየቅ አስባ ሠራተኛዋን «ዋት ኢዝ ዩር ሊሚቴሽን?» ብላ ጠየቀቻት። ሠራተኛዋ ትንሽ ዝም ብላ፣ ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ጠዋት መነሣት እንደሚከብዳትና ሒሳብ እንደማይሆንላት ነገረቻት። የሰው ድካም ነበር የጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ሊሚቱ 23 ኪሎ መሆኑን ገልጻ፣ ትርፉን ከሻንጣ እንድታወጣ ጠየቀቻት። ምላሽ 7 ምን እንዳወጣች ለማወቅ ፈለገ፤ ምላሽ 8 ላይ ልብስ አውጥታ ለዘመድ የያዘችውን ስጦታ ሻንጣው ውስጥ እንዳስቀረች ነገረችን። ምላሽ 9 ደግሞ ወደ ቁም ነገሩ ሊመልሰን ሞክሮ፣ ቁጥር ሲመጣ «ኤ ሊሚት ኦፍ» ተብሎ ከቁጥሩ ጋር እንደሚያያዝ፣ ሊሚቴሽን ግን ኪሎ ተከትሎት እንደማይመጣ ጻፈ። አጭርና ትክክለኛ ምላሽ ነበረች፤ ማንም አላመሰገነውም።

ምላሽ 10 ለንደን ውስጥ ሾፌር የሆነ ወንድማችን ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን አለቃው ጠዋት ላይ «ኦቨር ዘ ሊሚት» ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱ የፍጥነት ወሰን መስሎት፣ አንዳንድ ጊዜ መንገዱ ባዶ ሲሆን በጥቂቱ እንደሚያልፍ በቅንነት መለሰ። አለቃው ግን የጠየቀው ስለ አልኮል ነበር። በእንግሊዝ ሕግ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል የተገኘበት ሾፌር ሊሚቱን አልፏል ይባላል፤ ቃሉ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የሚያመለክተው። ያን ቀን ቁልፉን ተነጠቀና እስኪብራራ ድረስ ቁጭ ብሎ ዋለ። ምላሽ 11 ስኮትላንድ ይህን ቁጥር በ2014 (በጎርጎርዮሳዊው) ወደ 50 ዝቅ ማድረጓን ጠቅሶ ሾፌሩን አረመው፤ ሾፌሩ ስለ እንግሊዝ እንጂ ስለ ስኮትላንድ አልተናገረም ነበር። ምላሽ 12 ደግሞ ዌልስ በ2023 በመኖሪያ ሰፈር መንገዶች የፍጥነት ወሰኑን ከ30 ማይል ወደ 20 በማውረዷ ያደረበትን ምሬት በረዥሙ ጻፈ። እዚህ ላይ ሰዋስው ከክሩ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

መልሰው ያመጡት የምላሽ 3 መምህርት ናቸው፣ በምላሽ 13። በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ምላሽ ይህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከሊሚት በኋላ የሚመጣውን መስተዋድድ እንደሚስት፣ ምክንያቱም እኛ «የ» ብለን ሁሉንም እንደምንጠቀልለው አስረዱ። «ሊሚት ኦን» ሲባል አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ የጣለው ገደብ አለ፤ በወጪ ላይ፣ በፍጥነት ላይ፣ በቀን ከባንክ በሚወጣ ገንዘብ ላይ። በእኛም «በ... ላይ ገደብ ጣለ» ስለምንል ይህኛው አይከብደንም። «ሊሚት ቱ» ሲባል ግን የጣለ ሰው የለም፤ ነገሩ ራሱ የሚያልቅበት ቦታ አለው። «ዜር ኢዝ ኤ ሊሚት ቱ ማይ ፔሸንስ» የሚል ሰው ትዕግሥቴ ልክ አለው እያለ ነው፤ እዚህ ላይ በ«ኦን» ብትተካው ትዕግሥትህን መንግሥት በኮታ ያከፋፈለህ ይመስላል። «ሊሚት ኦፍ» ደግሞ ጠርዙን ራሱን ያሳያል፤ የከተማ ዳርቻ ሲሆን በብዙ ቁጥር «ሲቲ ሊሚትስ» ይባላል። አማርኛችን ገደብ፣ ልክ፣ ዳርቻ ብሎ በሦስት ስም የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንድ ስምና በሦስት መስተዋድድ ይለየዋል አሉ። እዚያው ላይ አንብቤ ስጨርስ መላ ምቴ መሰንጠቁን ልብ አላልኩም ነበር፤ የትዕግሥትን ልክ ያሰመረው ማን ነው?

ምላሽ 14 ይህን ጥያቄ በጭካኔ ጠየቀኝ። ሒሳብ ያጠና ሰው ነው። አንድ እንጀራ ግማሹን ብላ፣ ከተረፈው ግማሹን፣ ከዚያም ከተረፈው ግማሹን እያልክ ቀጥል፤ የበላኸው ድምር ወደ አንድ ሙሉ እንጀራ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አንድ አይሞላም። ያ አንድ ሊሚት ነው። ማን አሰመረው? ማን ከለከለህ? የሚያልፈውስ ማን ነው? አለና፣ እግረ መንገዱን አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ፦ ይህ ሊሚት ካለ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ድምር ሊሚት ይህ ነው ተብሎ ሲጠራ «ዘ» ይቀድመዋል፤ «ኤ» የሚመጣው ሊሚት አለው ወይስ የለውም ሲባል ነው። በአማርኛ የሒሳብ ጽሑፍ ቃሉ ጥገት ተብሎ መተርጎሙንም ጠቅሶ፣ መጠጋትን ስለሚያሳይ ከወሰን የተሻለ ነው አለ።

ምላሽ 15 ጥገት እሱ የሚያውቃት የምትታለብ ላም መሆኗን አሳሰበ። ከሰባት በላይ ሰዎች ሳቁበት።

እኔ ግን ገና ሳልተነፍስ ምላሽ 16 የመላ ምቴን ሌላኛውን ጎን መታው። ጸሐፊዋ የሕግ ባለሙያ ናት። ሊሚት ያለ አስማሪ ሊኖር እንደሚችል ከታየ፣ ሊሚቴሽንም በአስማሪ ሊኖር እንደሚችል አሳያለሁ ብላ ይርጋን አመጣች። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845፣ ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ከውል የሚመነጭ ክስ በአሥር ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደማይሰማ ይደነግጋል፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ይህን ጊዜ ሊሚቴሽን ነው የሚለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ ሲናገር እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ይህን አሥር ዓመት ሕግ አውጪው አስምሮታል፣ በቁጥርም ተቆጥሯል፣ ነገር ግን ማንም ሊሚት አይለውም። ምክንያቷ ደስ ይላል፦ እዚህ ላይ ስሙ የሚጠራው ድርጊቱን ነው፤ መብትን በጊዜ መገደቡን። የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ለመጥራት ከፈለግን ታይም ሊሚት ማለት ይቻላል አለች።

በምላሽ 17 የጥገቷ ላም ባለቤት ተመልሶ፣ ይርጋ የመጣው «ረጋ» ከሚለው ግስ መሆኑን፣ እርጎም ከዚያው መሆኑን ጻፈ። ከላም ወደ እርጎ መድረሳችን እሱን ብቻ ሳይሆን የሕግ ባለሙያዋንም አሳቃት። ነገሩ ሲነገር እንዲህ ቀልድ ይምሰል እንጂ፣ የተነቃነቀ ነገር ረግቶ ይቅር የሚለው ሐሳብ ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ የሕጉን መንፈስ ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 18 ከሃይፋ ነው። ጸሐፊዋ እንግሊዝኛ ብዙም እንደማያውቁ ገልጸው፣ በዕብራይስጥ ግን የአገር ድንበርም የትዕግሥት ልክም አንድ ቃል፣ ግቩል፣ መሆኑን ነገሩን። በ1982 (በጎርጎርዮሳዊው) የሊባኖስ ጦርነት ጊዜ ድንበር ተሻግረን አንዋጋም ያሉ የተጠባባቂ ጦር አባላት «ዬሽ ግቩል» የሚል ስም ለማኅበራቸው የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንበር አለ ማለት ነው፣ በቃ ማለትም ነው። እንደ አማርኛ ነው፣ ወሰን ወሰን ነው አሉ። ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ምላሽ 19 ግን ቃሉን ትቶ ስለ ጦርነቱ ክርክር ጀመረ። አስተባባሪው ግማሹን ሰረዘው። የተረፈው ግማሽም ቢሰረዝ ምንም አይጎድልብንም ነበር።

ድንበር አንዴ ከተነሣ ግን የእኛም መምጣቱ አልቀረም። ምላሽ 20 ስለ ቦርደርና ስለ ባውንደሪ ልዩነት ለማስረዳት ፈለገ። ቦርደር በመሥመሩ ግራና ቀኝ ያለውን ምድርና ሕዝብም ሊጨምር ይችላል፤ የድንበር ከተማ፣ የድንበር ንግድ፣ ድንበር ተሻገረ ሲባል ማለት ነው። ባውንደሪ ግን መሥመሩ ብቻ ነው፣ ስፋት የለውም። ለዚህም ነው አለ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ የባውንደሪ ኮሚሽን የተባለው እንጂ የቦርደር ያልሆነው። ይህን ሲጽፍ የድል አድራጊ ቃና ነበረው።

ምላሽ 21 ደስታውን አላስጨረሰውም። ስምምነቱን ራሱን አንብበው እንደሆነ ጠየቀው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት የኮሚሽኑን ሥራ ሲገልጽ፣ በ1900፣ በ1902 እና በ1908 (በጎርጎርዮሳዊው) ውሎች ላይ ተመሥርቶ የቅኝ ግዛት ውል ድንበርን መወሰንና ማካለል ይላል፤ እንግሊዝኛውም እዚያ ላይ ቦርደር ነው የሚለው። ስለዚህ ልዩነቱ አለ ቢባልም እንደ አጥር የጠነከረ አይደለም። ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ሌላ ልዩነት ነው አለ፦ መወሰን እና ማካለል። መወሰን፣ በእንግሊዝኛው ዲሊሚቴሽን፣ መሥመሩን በወረቀትና በካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔውን ያሳወቀው ለዚህ ነው። ማካለል ደግሞ ምድር ላይ ወርዶ ምልክት መትከል ነው። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም ብሎ ጨረሰ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ የተባባሉትን አስተባባሪው አንድም ሳያስቀር አጠፋው።

ምላሽ 22 ግን መልሴ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጽፎ የማያውቅ አባል፣ ስለ ጠቡ ምንም ሳይል፣ ዲሊሚቴሽን የሚለውን ቃል ብቻ ከጠቡ መካከል አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ። በጥናት ጽሑፍም ይኸው ቃል አለ። አጥኚው ራሱ መርጦ ያሰመረው፣ ይህን አጠናለሁ፣ ያንን አላጠናም ያለበት መሥመር ዲሊሚቴሽን ነው፤ በአማርኛ የጥናቱ ወሰን የምንለው። ሳይመርጠው የመጣበት፣ ከእጁ ውጭ የሆነው ደግሞ ሊሚቴሽን ነው፤ የጥናቱ ውስንነት። «ማን አሰመረው?» የሚለው ጥያቄዬ የተበላሸ ጥያቄ አልነበረም አለኝ፤ የተሳሳቱ ሁለት ቃላት መካከል አስገብቼው ነው እንጂ። ሊሚትን ከመካከል አውጥቼ ዲሊሚቴሽንን ሳስገባበት መለኪያው ይሠራል። በእኔው ንዑስ ርእስ ላይ ወሰን እና ውስንነት ተብሎ ከአንድ ግስ በሁለት ስም ተለይቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ልዩነቱን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስፈልግ ሰነበትኩ።

የቀሩት በአጭሩ ይበቃቸዋል። ምላሽ 23 ጀርመን ውስጥ ከራይን እስከ ዳኑብ 550 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው የጥንት የሮማውያን ድንበር አጠገብ የሚኖር ሰው ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ሊሜስ ነው፣ ሊሚትም ከዚያው የላቲን ቃል ነው የመጣው። ሊሜስ መጀመሪያ በእርሻና በእርሻ መካከል ያለ መተላለፊያ ነበር አለ። ምላሽ 24 ይህን ተቀብሎ፣ ድንበር ገፋህ አልገፋህም ሲባባሉ የኖሩ ሁለት አዋሳኝ ገበሬዎችን ታሪክ ከአያቱ መንደር አመጣ፤ ከዚያም ወሰን እና ውሳኔ ከአንድ ግስ እንደሚወለዱ ሁሉ፣ እንግሊዝኛውም መወሰን የሚለውን ዲተርሚን ያገኘው ወሰን ከሚል የላቲን ቃል መሆኑን አሳየ። ምላሽ 25 «ኦፍ ሊሚትስ» የሚለው አነጋገር የመጨረሻዋን ድምፅ መቼም እንደማይጥል፣ አንድ ክፍል ብቻ ቢከለከልም በብዙ ቁጥር እንደሚባል አስታወሰ።

ዓረፍተ ነገሬን አስተካክዬ ክሩ ላይ ለጠፍኩ። ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ የሚያወራው ወጣ፤ የጠየቅኳቸው መምህራን በሙሉ ከአንድ ክፍለ ከተማ መሆናቸውና ግኝቱ ለሌላው እንደማይበቃ ገባ። በምላሽ 26 የምላሽ 4 ጸሐፊ ተመልሶ፣ አሁን የሚነበብ ነገር መሆኑን ብቻ ጻፈ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው። ምላሽ 27 የመምህርቷ ናት። ውስንነቶቼን ሁለት ቆጥሬ ሳለ ርእሱን በነጠላ መተዌን በትሕትና ጠቁመው፣ ሊሚቴሽን በሚለው ላይ የብዙ ቁጥሯን «ስ» እንድጨምር መከሩኝ።

ለአማካሪዬ የላክሁት ከአሥር ደቂቃ በፊት ነበር።